ሥራ የለኝም፣ የስቱደንት ሎን ኮሌክሽን (የትምህርት ብድር ዕዳ ሰብሳቢ) ግን እናቴ ጋ ሳይቀር እየደወለ ነው

የሲልቨር_ስፕሪንጓ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ምክር ፈልጌ ነው፣ እባካችሁ የምታውቁ ዝም አትበሉኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አካውንቲንግ ተምሬ ጥሩ ሥራ ይዤ ነበር፣ ከገና በኋላ ግን ብዙዎቻችንን ሌይ ኦፍ አደረጉን። አሁን ያለኝ አንኢምፕሎይመንት (የሥራ አጥ ድጎማ) ብቻ ነው፣ በሳምንት 430 ዶላር። ኪራዩን እንኳን በጭንቅ ነው የምከፍለው። ሎኑን መክፈል ካቆምኩ አምስት ወር ገደማ ሆኖኛል።

ስልኬ ከጠዋት ጀምሮ ይጮሃል። እሱን ችዬው ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን እናቴ ጋ ደወሉ። እሷ እንግሊዝኛ ብዙም አትችልም፣ የገባት “ልጅሽ ዕዳ አለባት፣ ፍርድ ቤት” የሚለው ብቻ ነው፣ ፖሊስ ሊወስደኝ ነው ብላ ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች። በማግስቱ ደግመው ደወሉላት። አጎቴ ደግሞ ከሎኖቹ በአንዱ ላይ ዋስ ሆኖ ኮሳይን አድርጎልኛል፣ ሥራ እንደሌለኝ እስካሁን አያውቅም።

ሊያስሩኝ ይችላሉ? ያለኝ ግሪን ካርድ ነው፣ ሲትዝንሺፕ ላመለክት እየተዘጋጀሁ ነበር፣ እሱስ ይበላሻል? ቁጥሬን ብቀይረው ይሻል ይሆን?

ናርዶስ_ዲሲ፦
አይዞሽ የኔ እህት። አይታሰርም። አሜሪካ ውስጥ ሎን አልከፈለም ተብሎ ብቻ ሰው አይታሰርም። እናትሽን ዛሬውኑ ደውለሽ አረጋጊያት፣ ሌላው ሁሉ ይደርሳል።

ሂሳብ_ሠራተኛው፦
ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ንገሪን። ሎኑ የፌዴራል ነው ወይስ የግል ባንክ? ወይስ ሁለቱም? እዚህ አገር ሰው ሁሉ “ስቱደንት ሎን” ብሎ በአንድ ስም ይጠራዋል እንጂ ሁለቱ በሕግ ፊት በጭራሽ አይገናኙም። ለአንዱ የሚሠራው ምክር ለሌላው ሊጎዳሽ ይችላል። የፌዴራሉን ለማወቅ ስቱደንት ኤይድ ዶት ጎቭ ላይ ፋፍሳ (የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) በሞላሽበት አካውንት ግቢ። እዛ የተዘረዘረው በሙሉ የፌዴራል ነው። እዛ የሌለው የግል ነው፣ እሱን ክሬዲት ሪፖርትሽ ላይ ታገኚዋለሽ፣ ሪፖርቱን በነፃ ማውጣት ይቻላል። ኮሳይነር አለበት ያልሽው በእርግጠኝነት የግል ይመስለኛል፣ ለተማሪ የሚሰጠው የተለመደው የፌዴራል ሎን ዋስ አይጠይቅም።

ስለ ወረቀትሽ፣ የዜግነት ማመልከቻው ኤን-400 ፎርም ላይ በግልጽ የሚጠየቀው ያልተከፈለ ታክስ እንዳለብሽ ነው። ከማመልከትሽ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሪ። ኮሌክተር ግን በስልክ “ወረቀትሽ ይሰረዛል” ወይም “ትታሰሪያለሽ” ካለሽ ሕግ እየጣሰ ነው፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፊው።

ቁጥር መቀየሩን ተዪው። ዕዳው ቁጥርሽን ተከትሎ አይጠፋም፣ ዕድል የሚሰጥሽ ደብዳቤና ስልክ ግን ያመልጥሻል።

የሲልቨር_ስፕሪንጓ፦
ገብቼ አየሁት። የፌዴራሉ ሦስት ሎን ነው፣ አንዱ ሰብሲዳይዝድ (መንግሥት ወለዱን የሚደግፈው)፣ ሁለቱ አንሰብሲዳይዝድ (ድጋፉ የሌለው)። “ፓስት ዲው” (ቀኑ ያለፈበት) ይላል፣ ዲፎልት (ውሉ የፈረሰ) አይልም። አጎቴ የፈረመው እዛ የለም፣ እሱ ባንክ ነው፣ አሁን ኮሌክሽን ኤጀንሲ ይዞታል። እናቴ ጋ የሚደውሉት እነሱ ናቸው። ከነሱ የመጣ ያልከፈትኩት ፖስታም አለ።

ሂሳብ_ሠራተኛው፦
ጎሽ፣ አሁን መነጋገር ይቻላል። ፖስታውን ክፈችው፣ ወደሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ የፌዴራሉን እንጨርስ፣ ጊዜ የሚገድበው እሱ ነው። የፌዴራል ሎን ካልተከፈለ 90 ቀን ሲያልፍ ለክሬዲት ቢሮዎች ይነገራል። 270 ቀን ሲሞላ ዲፎልት ይሆናል። አንቺ መሀል ላይ ነሽ። ዲፎልት ከሆነ በኋላ መንግሥት ያለ ፍርድ ቤት የታክስ ተመላሽሽን ሊወስድ ይችላል፣ ሥራ ስትይዢም ከደመወዝሽ እስከ 15 በመቶ የማስቆረጥ ሥልጣን አለው። በኮቪድ ጊዜ ይሄ ሁሉ ቆሞ ነበር፣ ሜይ 5፣ 2025 ላይ ግን ማስከፈሉ እንደገና ተጀመረ። ስለዚህ 270 ሳይሞላ መንቀሳቀስ አለብሽ።

ሁለት በር አለሽ። አንደኛው የሥራ አጥ ዲፈርመንት ነው፣ ክፍያውን ለጊዜው ማቆያ። አንኢምፕሎይመንት እየወሰድሽ ስለሆነ የሚያሳየውን ወረቀት ከፎርሙ ጋር ለሰርቪሰሩ (የሎንሽን ክፍያ ለሚቀበለው ድርጅት) ትልኪያለሽ። በጠቅላላው እስከ 36 ወር ይሰጣል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ወደ ኋላ ሊቆጠርልሽ መቻሉን ነው፣ ጥያቄሽ ከደረሰበት ቀን እስከ 6 ወር ድረስ። ሥራ አጥ የነበርሽበት ጊዜ እስከሆነ ድረስ ያለፉትን አምስት ወሮች ሊሸፍንልሽ ይችላል ማለት ነው። ይሄን ስትጠይቂ ቀኑን ራስሽ ጻፊ፣ “ከዚህ ቀን ጀምሮ” ብለሽ። ካልጻፍሽ ከዛሬ ሊጀምሩልሽ ይችላሉ።

ሁለተኛው በገቢ ላይ የተመሠረተ ክፍያ ነው፣ አይ ቢ አር። ሂሳቡን ልሥራልሽ። በሳምንት 430 በ52 ሲባዛ 22,360 ዶላር ነው። አይ ቢ አር ከድህነት መስመሩ 150 በመቶ በታች ያለን ገቢ አይነካም፣ በ2025 መለኪያ ለአንድ ሰው ይሄ 23,475 ዶላር ነው። አንቺ ከሱ በታች ነሽ። የወር ክፍያሽ ዜሮ ይመጣል። ዜሮ የከፈልሽበት ወር ደግሞ እንደተከፈለ ይቆጠራል።

እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቂ። ማመልከቻው ላይ የታክስ መረጃሽን በቀጥታ ከአይ አር ኤስ ይውሰድ ብለሽ ከፈቀድሽ የሚመጣው ሥራ ላይ የነበርሽበት ዓመት ገቢ ነው፣ በሱ ሒሳብ ብዙ መቶ ዶላር ክፈይ ይሉሻል። ገቢዬ ቀንሷል የሚለውን ምረጪና የአሁኑን ማስረጃ ራስሽ አያይዢ።

ቆራጥ፦
ኧረ ለምን ትለፋለች፣ ፎርቤራንስ (ሌላውን የክፍያ ማቆያ) ትጠይቅ። በስልክ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፣ ወረቀት ምናምን የለም። እኔ እንደሱ ነው ያደረግኩት።

ሂሳብ_ሠራተኛው፦
ቆራጥ ወንድሜ፣ ፎርቤራንስ ላይ ሰብሲዳይዝዱም ሎን ወለድ ይቆጥርባታል። በዲፈርመንት ግን የሰብሲዳይዝዱ ወለድ አይቆጠርም። ሰርቪሰሮች ፎርቤራንስን የሚያስቀድሙት ለነሱ ስለሚቀል ነው፣ ለሷ ስለሚበጅ አይደለም። ሌላ በር የሌለው ሰው ይጠቀምበት። እሷ ግን ሁለት የተሻሉ በሮች እያሏት ወለድ ማስቆጠር ያለባት አይመስለኝም።

የእኔ ሐሳብ፦ ያለፈውን በዲፈርመንት አስሸፍኚ፣ ከዚያ ወዲያ አይ ቢ አር ግቢ። ማመልከቻው መልስ እስኪያገኝ ሊዘገይ ይችላል፣ በዛ መሀል ሎኑን በጊዜያዊነት እንዲያቆሙልሽ ጠይቂ። ሴቭ የሚባለውን የክፍያ ፕላን የሚያወራልሽ ካለ ፍርድ ቤት እንዳገደው ንገሪው። ራፕ የሚባለው አዲሱ ፕላን ደግሞ ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ ነው፣ ምንም ገቢ ለሌለው ሰው እንኳን ዝቅተኛው ክፍያ 10 ዶላር ነው።

የአትላንታው፦
እኔ በሳምንት ሃያ ሰዓት ያህል ዶርዳሽ (ምግብ ማድረስ) እሠራለሁ፣ እኔንስ ሥራ አጥ ይሉኛል?

ሂሳብ_ሠራተኛው፦
ለዲፈርመንቱ ሙሉ ሥራ የሚባለው በሳምንት 30 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሆኖ ቢያንስ ሦስት ወር ይቆያል ተብሎ የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ አንተም ሙሉ ሥራ እየፈለግህ ከሆነ ማመልከት ትችላለህ። አንኢምፕሎይመንት የማትወስድ ከሆነ በሥራ አገናኝ ቢሮ ተመዝግበህ ሥራ እየፈለግህ መሆኑን ታረጋግጣለህ። ሲታደስ ያመለከትክባቸውን ቦታዎች ስለሚጠይቁህ ኢሜይሎቹን አታጥፋ።

ፓይክ_ላይ_ያለችው፦
ወደ ግሉ ሎን ልምጣ። እኔ የሕግ እርዳታ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ፣ ጠበቃ አይደለሁም፣ ግን ይሄን ጉዳይ በየሳምንቱ ነው የማየው፣ የእኛ ሰዎች ደግሞ የሚመጡት ብዙውን ጊዜ ከረፈደ ነው። ስለዚህ በጊዜ መጠየቅሽ ደስ ብሎኛል።

እናትሽ ጋ መደወላቸው ትልቅ ጥፋት ነው። ከ1977 ጀምሮ ያለው የፌዴራል ሕግ ኮሌክተር ሌላ ሰው ጋ መደወል የሚችለው አንቺን ለማግኘት አድራሻ ለመጠየቅ ብቻ ነው ይላል፣ ያውም በአብዛኛው አንድ ጊዜ። ዕዳ እንዳለብሽ መንገር አይችልም። እናትሽ አልፈረመችም። “ዕዳ” ብለው ነግረዋት ከሆነ፣ በማግስቱ ደግመው ከደወሉ፣ ሁለቱንም ጥሰዋል። አንቺ ጋም ቢሆን ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ መደወል አይፈቀድላቸውም። ለአንድ ዕዳ በ7 ቀን ውስጥ ከ7 ጊዜ በላይ ከደወሉ እንደ ማስጨነቅ ይቆጠራል። አንዴ ካነጋገሩሽም በኋላ ለ7 ቀን መቆየት አለባቸው።

የጥሪ ዝርዝሩን ከስልክሽ ስክሪንሾት አድርጊ። ከእናትሽ ስልክም አንሺ። ቮይስሜይል ካለ አታጥፊ። እናትሽ የሰማችውን በአማርኛ ይሁን በትግርኛ፣ በምትችለው ቋንቋ ቀኑን ጽፋ ታስቀምጥ። ለዚህ ጥሰት በአንድ ዓመት ውስጥ መክሰስ ይቻላል፣ እስከ 1,000 ዶላርና የደረሰብሽን ጉዳት ልታገኚ ትችያለሽ፣ ካሸነፍሽ የጠበቃውን የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። ለዛ ነው ይሄን የሚሠሩ ጠበቆች ብዙ ጊዜ ቅድሚያ ገንዘብ የማይጠይቁት።

ቆራጥ፦
ታዲያ ስልኩን ሪኮርድ ታድርጋቸዋ! ማስረጃ ከዛ በላይ የት ይገኛል?

ፓይክ_ላይ_ያለችው፦
እንዳታደርጊው እህቴ! ሜሪላንድ ውስጥ ሁለቱም ወገን ሳይስማማ ስልክ መቅዳት ወንጀል ነው። ቨርጂኒያና ዲሲ ይለያሉ፣ እዛ የአንደኛው ወገን ፈቃድ ይበቃል። አንቺ ግን ሲልቨር ስፕሪንግ ነሽ። ዕዳ እንደማያሳስርሽ ነግረንሽ በዚህ እንዳትከሰሺ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል፦ ማን ደወለ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን አለ።

አሁን ያቺን ፖስታ። ውስጧ ያለው ምናልባት የዕዳ ማሳወቂያ ነው። ከደረሰሽ ቀን ጀምሮ 30 ቀን አለሽ፣ በጽሑፍ “ይሄን ዕዳ አረጋግጡልኝ” ብለሽ መጻፍ ትችያለሽ። በጊዜው ከጻፍሽ ማረጋገጫ እስኪልኩልሽ ማስከፈሉን ማቆም አለባቸው። የግል ሎን ከባንክ ወደ ባንክ፣ ከዚያ ወደ ኮሌክሽን ሲሸጥ ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ይጎድላል፣ ሂሳቡም ይዛባል። ስለዚህ ማን ነው የዕዳው ባለቤት፣ ዋናው ስንት ነው፣ ወለዱ ስንት ነው፣ መጨረሻ የተከፈለው መቼ ነው፣ ብለሽ ጠይቂ። ኤጀንሲው በሜሪላንድ ፈቃድ እንዳለውም አጣሪ፣ እዚህ ያለ ፈቃድ ማስከፈል አይቻልም።

በስልክ ግን ምንም አትስማሚ። “ለዛሬ 25 ዶላር ብቻ ክፈይና እናቆማለን” ይሉሻል። የባንክ ቁጥርሽን እንዳትሰጪ። የግል ዕዳ የመክሰሻ ጊዜ አለው፣ በሜሪላንድ ለተለመደ ውል 3 ዓመት ነው፣ ውሉ ግን የሌላ ስቴት ሕግ ሊጠቅስ ስለሚችል ጠበቃ ይየው። በብዙ ስቴት ትንሽም ብትከፍዪ ያ ጊዜ እንደገና ከዜሮ ሊጀምር ይችላል። የፌዴራሉ ሎን የጊዜ ገደብ የለውም፣ ይሄ ሌላው ልዩነት ነው።

ናርዶስ_ዲሲ፦
መደወላቸውን አቁሙ ብሎ መጻፍ አይቻልም እንዴ? እኔ እንደዛ ሰምቼ ነበር።

ፓይክ_ላይ_ያለችው፦
ይቻላል። በጽሑፍ “ከዚህ በኋላ አታነጋግሩኝ” ካልሻቸው ማቆም አለባቸው። ግን እሱ ዕዳውን አያጠፋም፣ መነጋገሪያ ሲያጡ ደግሞ ፍርድ ቤት መሄድን ሊመርጡ ይችላሉ። እኔ ለሷ የምመክራት መሀለኛውን ነው። በስልክ አታነጋግሩኝ፣ እናቴ ጋ አትደውሉ፣ በፖስታ ብቻ ጻፉልኝ ትበል። እንደዛ መምረጥ መብቷ ነው።

የፍርድ ቤት ወረቀት ከመጣ ግን፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይሄን አትርሱ፣ መልስ ስጡ። ካልቀረባችሁ ዳኛው ሳያያችሁ ይፈርድባችኋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ደመወዝና ባንክ መንካት የሚችሉት። ስንት የእኛ ሰው በዚህ ብቻ ተጎድቷል። አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ ፍርድ ቤቱ በነፃ ያቀርባል።

ብርሃን_ታይ፦
እኔ አንድ ድርጅት አውቃለሁ፣ ቴሌግራም ላይ በአማርኛ ያስተዋውቃሉ፣ 700 ዶላር ከፍለሽ ሎኑን ሙሉ በሙሉ ያሰርዙልሻል። የጓደኛዬን እያሠሩላት ነው። ቁጥራቸውን ኢንቦክስ ላድርግልሽ?

ሂሳብ_ሠራተኛው፦
ብርሃን፣ በክፉ እንዳልሽው አላስብም፣ ግን ጓደኛሽን ዛሬ አስጠንቅቂያት። የፌዴራል ሎን ላይ ሊሠራ የሚችል ነገር ሁሉ በነፃ ነው፣ ፎርሙን ራሷ ትሞላዋለች። ዕዳ እናቃልላለን ብሎ በስልክ ደንበኛ የሚሰበስብ ድርጅት ሥራውን ሳይሠራ ቅድሚያ ክፍያ መቀበል በሕግ ተከልክሏል። የስቱደንት ኤይድ ፓስወርዷን ሰጥታቸው ከሆነ አሁኑኑ ትቀይረው፣ አድራሻዋና ኢሜይሏም እንዳልተቀየረ ትይ። አንዳንዶቹ አድራሻውን ወደራሳቸው ስለሚያዞሩት ሰውየው ዲፎልት መግባቱን እንኳን አይሰማም።

ብርሃን_ታይ፦
ወይኔ! ፓስወርዱን ሰጥታቸዋለች። አሁኑኑ እደውልላታለሁ።

ጋሼ_ከአሌክሳንድሪያ፦
ልጆች፣ እንደምን ናችሁ። እኔ ለልጄ ኮሌጅ ፓረንት ፕላስ የሚባለውን ለወላጅ የሚሰጥ የፌዴራል ብድር ወስጃለሁ። ልጄ ተመርቃ ሥራ አላገኘችም። እኔ ፓርኪንግ እሠራ ነበር፣ አሁን ጤናዬ ስለታወከ አቁሜያለሁ። ለዚች እህታችን የነገራችኋት ለእኔ ይሆናል?

ፓይክ_ላይ_ያለችው፦
ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ፓረንት ፕላስ በሕግ የእርስዎ ዕዳ ነው፣ የልጅዎ አይደለም። ስለዚህ የሚታየው የእርስዎ ገቢና የእርስዎ ሁኔታ ነው። አይ ቢ አር በቀጥታ አይሰጠውም። መጀመሪያ ኮንሶሊዴት መሆን (ወደ አንድ አዲስ ብድር መጠቃለል) አለበት፣ ያም ከጁላይ 1፣ 2026 በፊት ያለቀለት መሆን አለበት፣ ከዚያ በኋላ የተደረገ ያንን በር ያጣል። ሐኪምዎ ዘላቂ የሆነና መሥራት የሚከለክል ሕመም ነው ካለ ደግሞ ዕዳው በሙሉ የሚሰረዝበት መንገድ አለ። ሐኪሙ የሚሞላው ፎርም ነው። ከዚሁ ይጀምሩ እላለሁ። ኢንቦክስ ይጻፉልኝ፣ አብረን እንየው።

ጋሼ_ከአሌክሳንድሪያ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ። እጽፍልሻለሁ።

ለዚች ለጠያቂዋ አንድ ነገር ልበል። ልጄ አጎትሽን ዛሬ ንገሪው። እኔ አጎትሽን ብሆን የሚያናድደኝ ዕዳው አይደለም፣ ከማላውቀው ሰው በስልክ መስማቴ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ። የፈረመልሽ ስለሚወድሽ ነው፣ ስለሚወድሽም ይሰማሻል።

ፓይክ_ላይ_ያለችው፦
ጋሼ ያሉት በሕጉም በኩል ትክክል ነው። ዋስ የፈረመ ሰው እንደ ዋናው ተበዳሪ ነው የሚቆጠረው። አጎትሽ ጋ መደወል ይችላሉ፣ ሊከሱትም ይችላሉ፣ ክሬዲቱም ላይ ይመዘገባል። ቤት ሊገዛ ወይም ሪፋይናንስ ሊያደርግ እያሰበ ከሆነ ማወቅ አለበት። ከማስጨነቅ የሚጠብቀው ሕግ ግን እሱንም ይጠብቀዋል፣ እሱም የራሱን ደብዳቤ መጻፍ ይችላል።

የአትላንታው፦
እቁብ የለሽም? የኔ የአክስት ልጅ የግሉን ሎን እቁብ ሲደርሰው በግማሽ ዋጋ ተደራድሮ ዘጋው።

ናርዶስ_ዲሲ፦
እኔ በዚህ አልስማማም። ሥራ ላይ ያለ ሰው ያድርገው። እሷ ግን እቁቡን ቀድማ ወስዳ በየወሩ የምትጥለውን ከየት ታመጣለች? ለኮሌክሽን መክፈል ቢያቅታት ደብዳቤ ይመጣል። ለእቁብተኛ መክፈል ቢያቅታት ግን የሚጎዱት የሚያምኗት ሰዎች ናቸው፣ ዋሷም ሌላ ዘመድ ነው። ከባንክ ዕዳ ወጥታ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንገቷን የምትደፋበት ዕዳ ውስጥ አትግባ።

ሂሳብ_ሠራተኛው፦
ናርዶስ ያለችው ላይ እጨምራለሁ። ድርድር ራሱ መጥፎ አይደለም፣ ኮሌክሽን የገባ የግል ሎን ብዙ ጊዜ ባነሰ ዋጋ ይዘጋል። ግን ሥራ ከያዝሽ በኋላ ይሁን። ስምምነቱ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት በጽሑፍ ይምጣ፣ የአጎትሽም ስም ነፃ እንደሚወጣ ይጻፍበት። የተተወልሽ ዕዳ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ 1099-ሲ የሚባል ወረቀት ሊመጣልሽ ይችላል፣ እንደ ገቢ ታክስ ሊያስከፍልሽ ይችላል ማለት ነው። አካውንታንት ስለሆንሽ ይሄን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

ላገቡት ደግሞ፦ ባልሽ ወይም ሚስትህ የፌዴራል ሎን ዲፎልት ካለባቸውና ታክስ አብራችሁ የምትሞሉ ከሆነ የጋራ ተመላሻችሁ ሊወሰድ ይችላል። ዕዳው የሌለበት ሰው ፎርም 8379 ሞልቶ ድርሻውን ማስመለስ ይችላል። ይሄን ሳያውቁ ስንቶች ተጣልተዋል።

የሲልቨር_ስፕሪንጓ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እውነቴን ነው። የዲፈርመንቱን ፎርም ከአንኢምፕሎይመንት ወረቀቱ ጋር ልኬአለሁ፣ ቀኑን ከሌይ ኦፉ በኋላ ካለው አድርጌ ጻፍኩት። አይ ቢ አሩንም አመልክቻለሁ፣ ገቢዬን በእጄ ነው ያስገባሁት።

አጎቴን ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና “እኔስ ጋ ቢደውሉ ምን ልበላቸው?” ብሎ ጠየቀኝ። ደብዳቤ አብረን እንድንጽፍ ቅዳሜ ይመጣል። እናቴ ደግሞ የማታውቀውን ቁጥር ማንሳት አቁማለች።

ፖስታውን ከፈትኩት፣ ማሳወቂያው ነው። የተጻፈበት ቀን ሦስት ሳምንት ሆኖታል። 30 ቀኑ ከመቼ ነው የሚቆጠረው? ደግሞስ ኢሜይል ይበቃል?

ፓይክ_ላይ_ያለችው፦
የሚቆጠረው ከደረሰሽ ቀን ነው፣ ደብዳቤው ራሱም የመጨረሻውን ቀን ይጽፋል፣ ፈልጊው። ግን እስከዛ አትጠብቂ፣ የአጎትሽ ይቆይና የአንቺ ነገ ይሂድ። ኢሜይል የሚቀበሉ አሉ፣ እኔ ግን ፖስታ ቤት ሄደሽ በሰርቲፋይድ ሜይል ከነሪተርን ሪሲቱ ላኪው እላለሁ፣ የፈረመ ሰው ስም ያለበት ካርድ ይመለስልሻል። የማመሳከሪያ ቁጥሩን ጻፊ፣ የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥርሽን አትጻፊ። የደብዳቤው ኮፒ እጅሽ ይቅር። እናትሽ ጋ ስለመደወላቸው ደግሞ ለሜሪላንድ አቃቤ ሕግ ቢሮ የሸማቾች ክፍል አቤቱታ አስገቢ፣ ኦንላይን ነው። በፌዴራሉ ሎን ሰርቪሰሩ ካስቸገረሽም ስቴቱ የስቱደንት ሎን ኦምቡድስማን (ቅሬታ ሰሚ) አለው፣ ለሱ ጻፊ።

የሲልቨር_ስፕሪንጓ፦
ነገ ጠዋት ፖስታ ቤት እሄዳለሁ። ካርዱ ሲመለስ እዚሁ እጽፋለሁ።